የደስታው ብልቃጥና የኮሪደሩ መጨረሻ ክፍል

ሹፌር ነኝ። ከደብረ ብርሃን ሸዋሮቢት ሚኒባስ እነዳለሁ። መኪናው የኔ አይደለም፣ የእትዬ ነው። ማታ ማታ ገቢ አስረክባለሁ፤ ከነዳጅና ከገቢ የተረፈችው ለኔና ለረዳቴ ናት። ይህን የማወራው ብሬ ከየት እንደሚመጣ እንድታውቁልኝ ነው። ዛሬ አስተያየት የምሰጠው ብር ስላወጣሁባቸው ሁለት ነገሮች ነዋ። አንዱ በ3,800 ብር የገዛሁት፣ ሴሮቶኒን የሚባል ሰውነታችን ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ይጨምራል የተባለ የኪኒን ብልቃጥ ነው። ሌላው እዚሁ ከተማችን ባለ አንድ የጤና ተቋም፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ናት። የተቋሙን ስም አልጠራም። የማመሰግናቸው ነገር አለ፣ የምወቅሳቸውም አለ፤ ደግሞ ተመልሼ የምሄደው እዚያው ነው።

ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ሸራ የጻፍኩትን ያነበባችሁልኝ አላችሁ። ይሄኛው ትንሽ ይለያል። ታገሱኝ።

ነገሩ መቼ እንደጀመረኝ ቁርጥ አድርጌ አላውቅም። በ2014 ኅዳር ሰው ከሸዋሮቢትና ከደብረሲና እየሸሸ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም። ያን ሰሞን ትርፍ ጫንክ ብሎ የሚቀጣ ትራፊክ አልነበረም። አንዲት ሴትዮ ልጇን አዝላ፣ በእጇ ጀበና ብቻ ይዛ ተሳፈረች። ሌላ ምንም የላትም። ለምን ጀበናውን እንደመረጠች አልጠየቅኳትም። እስካሁን ትመጣብኛለች። ግን ያን ጊዜ አልታመምኩም። ያን ጊዜ እንደውም ጎበዝ ነበርኩ። የታመምኩት ሁሉም ነገር ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። መንገድ ይዘጋል፣ መናኸሪያ ሳምንት ቆመን እንውላለን፣ መንገድ ይከፈታል፣ እንነዳለን። በዚህ መሃል አንድ ቀን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይኔ ተገለጠ። በማግስቱም። በሦስተኛውም ቀን።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት። በታኅሣሥ ሌሊት ሳሩ ላይ ውርጭ ይጋግራል። እኔ በዚያ ብርድ ከአልጋ ወርጄ ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ። የማስበው ነገር የለም። ዝም ብዬ መንጋቱን እፈራለሁ። ማታ ደግሞ መምሸቱን።

ከዚያ ሆዴ መጣ። ይነፋኛል። አራት አምስት ቀን ሽንት ቤት የለም። ምግብ አፌ ውስጥ እንደ ወረቀት ሆነ። ወገቤን ይቆርጠኛል፣ አናቴን ያቃጥለኛል። ታዲያ ሆዱን የታመመ ሰው ምን ያደርጋል? ሆድ ይታከማል። አንዱ ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለኝ። አንዱ ታይፎይድ ነው አለኝ። ሦስተኛው ታይፎይድና ታይፈስ ባንድ ላይ ብሎ መርፌ ጀመረልኝ። ኦሜፕራዞል ስውጥ ዓመት ሞላኝ። ለጨጓራ ያፈሰስኩት ብር ሁለት አዲስ ጎማ ይገዛ ነበር።

ባለቤቴ ብዙ የምትናገር ሰው አይደለችም። አንድ ማታ እግሬን እየታጠብኩ፣ «ቤት ትመጣለህ እንጂ አትገባም» አለችኝ። ዝም አልኳት። እውነቷን ነበር።

ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ክረምት ላይ ጣርማ በር ጭጋጉ እንዴት እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል። እጅህን ዘርግተህ አታየውም። ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ ጡሩንባ እነፋለሁ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሳልነፋ ገብቼ አላውቅም። አንድ ቀን ወደ ደብረሲና ቁልቁለቱን ተያይዤዋለሁ፣ ረዳቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ዛሬ ዋሻው ላይ ጡሩንባ አልነፋህም» አለኝ። ዋሻውን ማለፌን አላስታውስም። ጨርሶ። ከኋላዬ 14 ሰው አለ።

ብልቃጡን ያዘዝኩት በዚያው ማታ ነው።

ሻጩን ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው። «ድካም? እንቅልፍ ማጣት? ሆድ መንፋት? የፍላጎት መቀነስ? ሴሮቶኒንዎ ወርዷል!» ይላል። አራቱም እኔ ነኝ። ጻፍኩለት። «ወንድሜ ፊትህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» አለኝ። ላክሁለት። ሁለት ደቂቃ አልቆየም፣ «40 ፐርሰንት ነው ያለህ» አለኝ። ከፎቶ! እኔ የሰው መኪና ሲያስነሱ በድምፁ ብቻ የታመመውን እነግራቸዋለሁ፣ ቢሆንም እንዲህ አልደፍርም። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ሆዴንና እንቅልፌን አንድ ላይ አያይዞ የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ስለዚህ አመንኩት። ይሄን ሳልደብቅ ልናገር፤ አጭበርባሪ የሚያሸንፈን ግማሹን እውነት ስለሚናገር ነው።

ብልቃጡ ከላምበረት በሚወጣ መኪና ተላከልኝ። 60 ፍሬ። ላዩ ላይ የምትስቅ ፀሐይ ተስላለች። ጠዋትና ማታ አንዳንድ ዋጥኩ። በሦስተኛው ቀን ሆዴ ተከፈተ። ለአራት ቀን የደረቀ ሰው ሆዱ ሲከፈት ደስ ይለዋል፣ አልዋሽም። ከዚያ ግን አልዘጋ አለ። ጣርማ በር ላይ መኪና አቁሞ ወደ ገደሉ መሮጥ ምን እንደሆነ ለሴት ተሳፋሪዎች ማስረዳት አይቻልም። ማቅለሽለሹ ሌላ ነው። እንቅልፉም ያው፣ 9 ሰዓት። ለሻጩ ደወልኩ። «ሰውነትህ እየለመደው ነው፣ እጥፍ አድርገው» አለኝ። በ13ኛው ፍሬ ተውኩት።

ለብልቃጡ ከአምስት ዜሮ። ፀሐይዋ ቆንጆ ናት።

ልጄ 12ኛ ክፍል ናት። ብልቃጡን አገላብጣ አየችውና ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። ሴሮቶኒን የሚባለው ነገር እውነት መሆኑን ያወቅኩት ከሷ ነው፤ ሻጩ ፈጥሮት መስሎኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ራፖርት፣ ግሪንና ፔጅ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከደም ውስጥ አውጥተው ስም ሰጡት። የሚፈልጉት የደም ሥርን የሚያጠብ ነገር ነበር እንጂ ደስታን አልነበረም። ከነሱ በፊት ግን ኤርስፓመር የሚባል ጣሊያናዊ እዚያው ንጥረ ነገር ላይ ደርሶበታል፣ ያውም አንጀት ውስጥ። አልተያዩም። አንድ ነገር መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። ጣሊያን መቼም መቆፈር ይወዳል፤ ጣርማ በርንም ቆፈረ፣ ሆዳችንንም ቆፈረ።

ደግሞ ሰውነታችን ውስጥ ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ገደማው የሚገኘው ሆድ ውስጥ ነው አለችኝ። አንጀትን የሚያንቀሳቅስ እሱ ነው። ማቅለሽለሽ ላይ እጁ አለበት። ደም እንዲረጋ ያግዛል። አንጎል ውስጥ ያለው ጥቂቱ ደግሞ ስሜት፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ሕመም የመቻል አቅምና የመኝታ ነገር ላይ ይገባል። (የመጨረሻውን ልጄ አላነበበችልኝም፣ ስልኩን ሰጥታኝ ወጣች።) ማታ ማታ የሚያስተኛን ሜላቶኒን የሚሠራውም ከሱ ነው። የራሴን የስሞታ ዝርዝር ሰው የጻፈልኝ መሰለኝ።

«አባዬ፣ ይሄን ይዘህ ሐኪም ጋ ሂድ» አለችኝ። ይሄን ያለችው ብልቃጡን ነው።

እንግዲህ ወደ ክፍሏ።

ካርድ ክፍሉ 2 ሰዓት ተኩል ይከፈታል ይላሉ፣ ሦስት ሰዓት ነው የሚከፈተው። የጤና መድን መታወቂያ ካላችሁ እንዳትረሱ፤ እኔ መጀመሪያ ቀን ረስቼ ቤት ተመልሻለሁ። ከካርድ ክፍሉ እስከ ክፍሏ ያለው መንገድ ግን ከደብረ ብርሃን ሸዋሮቢት ይረዝማል። በጥርስ ታልፋላችሁ፣ በዓይን ታልፋላችሁ፣ በእርጉዞች መከታተያ ታልፋላችሁ። በስተመጨረሻ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ከበላዩ «የአእምሮ ሕክምና» የሚል በትልቁ የተጻፈ ሰሌዳ። እኔን ደግሞ በዚህ መስመር የማያውቀኝ የለም። ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ስቤ ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ «ሹፌሩ! ምነው እዚህ?» የጣርማ በር ደንበኛዬ ናቸው፣ ድንች ይዘው የሚወርዱ እናት። «ሰው ልጠይቅ መጥቼ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም «እኔም» አሉኝ። ሁለታችንም ሰው ልንጠይቅ መጥተን ጎን ለጎን ተራችንን ጠበቅን።

ዶክተር ብዬ ገባሁ። «ዶክተር አይደለሁም፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነኝ» አለችኝ። ልጅ እግር ናት። ጠረጴዛዋ ላይ የምትቀመጠው ከኔ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ለመናገር ይቀላል።

ስለ ሆዴ ጀመርኩ። አላቋረጠችኝም። ስለ ወገቤ። ስለ አናቴ። ከዚያ ብልቃጡን አወጣሁ።

«ሴሮቶኒኔ 40 ፐርሰንት ነው ተብያለሁ።»

«ማን ለካው?»

«ከፎቶ ነው።»

አልሳቀችም። ብትስቅ ተነስቼ እወጣ ነበር። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አዙራ ጀርባውን አነበበች። ፋይቭ ኤች ቲ ፒ ይባላል፣ ግሪፎኒያ ከሚባል የምዕራብ አፍሪካ ተክል ፍሬ ነው የሚወጣው፤ ሰውነት ወደ ሴሮቶኒን ይቀይረዋል አለችኝ። ውሸት አይደለም ማለት ነው። «ግን የቀረውን እንዳይወስዱት። በተለይ እኔ ከማዝልዎት መድኃኒት ጋር በፍጹም።» ምክንያቱን ነገረችኝ። ሁለት ሴሮቶኒን የሚያበዛ ነገር ሲደራረብ ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይሮጣል፣ ይቃዣል፣ ትኩሳቱ ከፍ ይላል፣ ሊገድልም ይችላል። እኔ እስከዚያ ቀን ሴሮቶኒን ሲበዛም በሽታ እንደሚሆን የነገረኝ የለም። ሻጩማ እጥፍ አድርገው ነበር ያለኝ።

ቀጥላ ሌላ የምወስደው ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። «ለወገብዎስ?» ዝም አልኩ። መናኸሪያ ውስጥ ለወገብ የሚዋጠው ምን እንደሆነ ሹፌር ሁሉ ያውቃል። ትራማዶል። አንዱ ጓደኛዬ ይሰጠኝ ነበር። እሱም ሴሮቶኒን ከሚያበዙት ወገን ነው አለችኝ፣ ተዉት። ስለ አረቄም ጠየቀች። የደብረ ብርሃን ሰው ስለ አረቄ ሲጠየቅ መጀመሪያ ይስቃል። እንቅልፍ ያመጣልኛል አልኳት። ሌሊት 9 ሰዓት የሚቀሰቅስዎትም እሱ ሊሆን ይችላል አለችኝ። ይሄንን ለመቀበል ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

«ሴሮቶኒኔንስ እናንተ አትለኩልኝም?» አልኳት።

«መኪናዎ የነዳጅ ጌጅ አለው አይደል? ለአንጎል ሴሮቶኒን እንደዚያ ያለ ጌጅ የለም» አለችኝ። የደሙን መለካት ይቻላል፣ ሐኪሞች ለአንዳንድ የዕጢ ዓይነቶች ይጠቀሙበታል። የደሙ ግን ስለ አንጎሉ አይናገርም። ሆድ ውስጥ የተሠራው ወደ አንጎል አያልፍም፤ አንጎል የራሱን ራሱ ነው የሚሠራው። ስለዚህ አንድ ሰው ፐርሰንት ቢነግርህ አታምነው ማለት ነው። ደም ግን አስወሰደችኝ፣ ለሌላ ነገር። የታይሮይድ ዕጢ ሲሰንፍ፣ ደም ሲያንስም ልክ እንደ ድባቴ ሰውን ይጥላል አለች። ሁለቱም ደህና ወጡ።

ከዚያ ዘጠኝ ጥያቄ ነበር። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ እንዲህ ሆነሃል የሚል። ለያንዳንዱ ከዜሮ እስከ 3 ነጥብ፣ ሲደመር ከፍተኛው 27። ስምንቱን ፈጥኜ መለስኩ። ዘጠነኛው ስለ ሞት ነው። እሷ ድምጿን አልቀየረችም፤ ስለ እንቅልፍ እንደጠየቀችው ጠየቀችኝ። ራሴን ላጠፋ አስቤ አላውቅም፣ ግን ጠዋት ባልነቃ ብዬ እመኝ ነበር። ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለችና ጻፈች። 17 ሆነ። የነገሩ ስም ድባቴ ነው፣ ቀላል የሚባለው ዓይነት አይደለም አለችኝ። ጨጓራ የመሰለኝን ስታስረዳኝም ሆድዎ ዋሽቷል አላለችም። ታሟል፣ ግን ብቻውን አልታመመም ነው ያለችው።

በዚህ መሃል በሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ልንገራችሁ? ሰባት ጊዜ። ካርድ የሚያቀብል፣ ቁልፍ የሚጠይቅ፣ ተሳስቶ የገባ፣ ተሳስቶ ገብቶ ቆሞ የሚያዳምጥ። ዘጠነኛውን ጥያቄ ስመልስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ይሄን እመለስበታለሁ።

የታዘዘልኝ ፍሎክሲቲን ነው። 20 ሚሊግራም፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር አንድ ፍሬ። አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ ነው። ሥራው ነርቮች የለቀቁትን ሴሮቶኒን መልሰው ቶሎ እንዳይሰበስቡት ማዘግየት ነው። የወር መድኃኒቱ በጤና መድን ነው የተሰጠኝ። ብልቃጡ 3,800 ብር እንደነበረ ላስታውሳችሁ።

እንደ ዕቃ ልገምግመው። የመጀመሪያው ሳምንት መጥፎ ነው። ያቅለሸልሻል፤ ሆድ ውስጥ ያለውንም ሴሮቶኒን ስለሚነካ ነው ተብዬ ነበርና አልደነገጥኩም። አፍ ያደርቃል። ማታ ማታ ትራሴ በላብ ይርሳል። ውስጤም ከበፊቱ ብሶ ይቁነጠነጣል። አሥር ቀን እትዬን አስፈቅጄ ለሌላ ሹፌር ሰጠሁና ቤት ተቀመጥኩ፤ በዚያ ሁኔታ ጣርማ በርን አልወርድም። በሁለተኛው ሳምንት ማቅለሽለሹ ለቀቀኝ። ሌላው ነገር ግን ያው። በሦስተኛው ያው። ባለሙያዋ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል ብላኝ ባይሆን ኖሮ እንደ ብልቃጡ እወረውረው ነበር።

አምስተኛው ሳምንት ላይ፣ ሐሙስ ማታ፣ ሽሮ ቀረበ። ሁለት ጉርሻ በላሁና «ጨው አነሰው» አልኩ።

ባለቤቴ እጇን መሶቡ ላይ አቆመች። አየችኝ። ለአንድ ዓመት ምግብ ጨው አነሰው በዛው ብዬ አላውቅም። ያቀረቡልኝን እውጣለሁ፣ እነሳለሁ። ልጄን «ጨው አምጪ» አለቻት፤ ልጅቷ ስታመጣ እናቷ በነጠላዋ ዓይኗን ስትጠርግ ደረሰች። «ምን ሆናችሁ?» «ምንም። አባትሽ ጨው አነሰው አለ።» ያን ማታ እስከ 11 ሰዓት ሌሊት ተኛሁ።

ሦስት ወር ሲሞላኝ ያ ዘጠኝ ጥያቄ ተደገመ። 6 መጣ።

እንከኖቹን ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ማስታወቂያ ይመስላል። ወንዶች፣ የመኝታ ነገር ይዘገያል። ይሄ ለብዙ ሰው የሚያጋጥም ነው ተብያለሁ፣ ግን አስቀድሞ የነገረኝ የለም። ለባለሙያዋ ለመናገር አፈርኩ። በሌላ ቀን ተረኛ ለነበረው ወንድ ነርስ ነገርኩት፤ እሱ ለሷ ጻፈላት፤ እሷም ምን አማራጭ እንዳለ አስረዳችኝ። ትርፍ ማፈር ነው ያተረፍኩት። ሌላው፣ ረዳቴ አንድ ቀን «እስቲ ለኔም አንድ ፍሬ፣ ደብሮኛል» አለኝ። አልሰጠሁትም። ልጁ 22 ነው። ከ25 ዓመት በታች ያለ ሰው ሲጀምረው መጀመሪያ አካባቢ ክፉ ሐሳብ ሊመጣበት ስለሚችል ጠበቅ ያለ ክትትል ይፈልጋል ብላኛለች። «ከደበረህ እኔው አደርስሃለሁ፣ ወንበሩን አውቀዋለሁ» አልኩት።

እናቴ መንዝ ናት። መድኃኒት መጀመሬን ስትሰማ «ልጄን ኪኒን አሰከሩብኝ» ብላ ጻድቃኔ ማርያም ካልሄድክ አለች። ሄድኩ። ሰባት ቀን ተጠመቅኩ። ሰው ስለ ጸበል የሚለውን ይበል፤ እኔ በማለዳ በዚያ ብርድ ከሰው ጋር ቆሞ መጸለይ ልቤን አሳርፎታል። ከመሄዴ በፊት ባለሙያዋን ጠይቄያት ነበር። «ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም፣ ብቻ እዚያ ደርሰው እንዳያቋርጡት» ነው ያለችኝ። እናቴ ራሷ ጠዋት ጠዋት በሶ በጥብጣ «ኪኒንህን ዋጥ» ትለኝ ነበር፣ እያጉረመረመች።

ምግብ ካነሳሁ አይቀር፣ ጾም ላይ ነህና ሴሮቶኒንህ የሚወርደው ለዚያ ነው ያሉኝም አሉ። ሰውነት ሴሮቶኒን የሚሠራበት ትሪፕቶፋን የሚባለው ነገር ከምግብ ነው የሚገኘው፣ እውነት ነው። እንቁላልና ወተት ውስጥ አለ። ግን ሽምብራም፣ ባቄላም፣ ሰሊጥም ውስጥ አለ። ሽሮ የሚበላ ሰው በዐቢይ ጾም ትሪፕቶፋን አለቀብኝ ብሎ አይሰጋ። ሽሮ በመብላት ብቻም ድባቴ አይለቅም፤ እኔ ታምሜም ሽሮ ስበላ ነበር። ከምግቡ ይልቅ የጠቀመኝ መራመዱ ነው። ጠዋት ተራዬ እስኪደርስ በሬሳ ወንዝ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፣ ፀሐይ ፊቴን እየመታኝ። ያዘዘችኝ ባለሙያዋ ናት። መድኃኒት ማዘዣው ላይ አልጻፈችውም እንጂ እኔ እንደዚያው ነው የቆጠርኩት።

አሁን ወደ ትልቁ ወቀሳዬ። ባለፈው ዓመት መድኃኒቱ ጠፋ። «የለም፣ ከውጭ ግዙ» አሉ። ውጭ ሦስት ፋርማሲ ዞርኩ፣ የለም። 16 ቀን ያለ መድኃኒት ቆየሁ። ይሄኛው ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ በአንዴ አይጥልም፤ በደህናው ጊዜ ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፣ ማቆምም በሐኪም ነው። በ14ኛው ቀን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይኔ ተገለጠ። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ጭጋግ ውስጥም ፈርቼ አላውቅም። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ በሹፌር ጓደኛዬ አስመጣሁ። እኔ ሹፌር ስለሆንኩ ነው። ያቺ ድንች ሻጭ እናትስ በማን ያስመጡ?

አንድ ነገር ቀረኝ። ልጄ አንድ ማታ ፊቷ ልክ አልሆነም። ያነበበችው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጆአና ሞንክሪፍ የምትባል የለንደን የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቿ የብዙ ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው አገላብጠው፣ ድባቴ የሚመጣው ሴሮቶኒን ስለሚያንስ ነው ለማለት የሚያስተማምን ማስረጃ አላገኘንም ብለዋል። «አባዬ፣ ታዲያ ምን እየዋጥክ ነው?»

ተናደድኩ። በቀጠሮዬ ቀን ይዤው ገባሁ። ባለሙያዋ አውቀዋለሁ አለችኝ። ሴሮቶኒን አነሰ የሚለው ሰው እንዲገባው ተብሎ የተለመደ አጭር ወሬ ነው፣ ነገሩ ከዚያ ይወሳሰባል፤ ዘር አለ፣ ያለፈ መከራ አለ፣ ኑሮ አለ፣ እንቅልፍ አለ። መድኃኒቱ ለብዙ ሰው እንደሚሠራ ግን በሌላ መንገድ፣ በታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ነው የታወቀው አለች። ዝም ብዬ አሰብኩ። የደብረሲናን ዳገት ስወጣ ሞተር ይግልብኛል። ቆሜ አበርደውና ውሃ እጨምራለሁ፣ እሄዳለሁ። ውሃ ስለጨመርኩ ደህና ሆነ ማለት ግን ችግሩ የውሃ ማነስ ነበር ማለት አይደለም። ቺንጋው ላልቶ ይሆናል። ራዲያተሩ ተደፍኖ ይሆናል። ትርፍ ጭኜም ይሆናል። ይሄን ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ለሌላ ታካሚ ልናገረው?» አለችኝ። ተናገሪው አልኳት። በኔ ጉዳይ ትርፍ መጫኑ ነው የሚመስለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሳይሆን በየሦስት ወሩ ነው የምሄደው። ባለሙያዋ አሁንም ከጎን ነው የምትቀመጠው። ካርድ ክፍሉ አሁንም ሦስት ሰዓት ነው የሚከፈተው። ሰው የሚያንሰው ማክሰኞ ነው፤ ሰኞ አትሂዱ። ባለፈው ማክሰኞ እኚያ ድንች ሻጭ እናት ቀድመውኝ ወንበሩ ላይ ነበሩ። «ዛሬም ሰው ልትጠይቅ?» አሉኝ። «ዛሬም» አልኳቸው። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ለክፍሏ ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። መድኃኒት መጥፋቱን የሷ ጥፋት አላደርገውም፣ ለዚያ አልቀነስኩም። አንዷን የቀነስኩት ለበሩ ነው። መቀርቀሪያው ከተነቀለ ዓመት አልፎታል። ሁለት ብሎንና አንድ መቀርቀሪያ ነው፤ ዕቃው ካላቸው እኔ ራሴ መፍቻ ይዤ እመጣለሁ።